«እፎይ» ያልሽው ለምንድን ነው?

ሰሞኑን የደረሰኝ ደብዳቤ ይህ ነው። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«እትዬ፣ ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። 36 ዓመቴ ነው። ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ ሱቅ አለኝ። ሁለት ሰፊዎች ቀጥሬያለሁ። ሥራው ጥሩ ነው። ለፋሲካና ለሠርግ ሰሞን እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት እንሠራለን። ግን እጄ ላይ ምንም አይቀርም። ደንበኛ ‹ቀንሺልኝ እንጂ፣ ቤተሰብ አይደለን እንዴ?› ካለችኝ እቀንሳለሁ። ለሸማኔው የከፈልኩትን እንኳ በማይሸፍን ዋጋ የሸጥኩበት ቀን አለ። ዋጋ ስናገር ድምፄ ይጠፋል።

ባለፈው ጥር ዕቁብ ደረሰኝ። 240 ሺህ ብር። እኔና ባለቤቴ ሁለት ማሽን ልንገዛበት ነበር ስንጥል የቆየነው። በሁለት ሳምንት አለቀ። ለአክስቴ ልጅ አበደርኩ፣ ለጎረቤት አበደርኩ፣ ለወንድሜ ሰጠሁ። ማንም አላስገደደኝም። ገና ሳይጠይቁኝ የሰጠኋቸውም አሉ። የመጨረሻውን ስሰጥ እፎይ አልኩ። ባለቤቴ ሲሰማ ሦስት ቀን አላናገረኝም።

አባቴ ጡረታ የወጣ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። አያቴ አራት ኪሎ አካባቢ የሚያከራያቸው ሦስት ቤቶች ነበሩት። በ1967 ተወረሱ። አባቴ ያኔ የ12 ዓመት ልጅ ነበር። ስለዚያ ጊዜ አያወራም። ግን ልጆች ሆነን ጥሩ መኪና ባለፈ ቁጥር ‹ያልሰረቀ አይከብርም› ይለን ነበር። ‹ገንዘብ የክፋት ሁሉ ሥር ነው› ይላል እስከ ዛሬ። እናቴ ደግሞ ባንክ አታምንም። በ2013 ብር ሲቀየር ትራስ ውስጥ የሰፋችውን 14 ሺህ ብር ረስታው ቀኑ አለፈባት።

ባለፈው ሳምንት የ7 ዓመት ልጄ ሱቅ አብራኝ ነበረች። አንዲት ደንበኛ ስትወጣ ‹እማዬ፣ ይቺ ሀብታም ናት አይደል? ሀብታሞች መጥፎ ናቸው አይደል?› አለችኝ። ማን ነገረሽ ስላት ‹አንቺ› አለችኝ። እንዲህ ብዬ አላውቅም። ወይስ ብያለሁ? እትዬ፣ የእኔ ነገር ልግስና ነው ወይስ ሕመም?»

ልጄ፣ ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ስለ ዕቁቡና ስለ ባለቤትሽ ልጽፍልሽ አስቤ ነበር። ሦስተኛው ላይ አንድ ቃል ያዘኝ። እፎይ አልኩ ብለሻል።

ሰው ለሚወደው ሲሰጥ ደስ ይለዋል። የተቀባዩ ፊት ሲፈካ አይቶ ያንን ይዞ ቤቱ ይገባል። እፎይ የሚለው ግን ሸክም ያወረደ ሰው ነው። ከእንጦጦ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው በሰፈርሽ በኩል የሚወርዱትን እናቶች ታውቂያቸዋለሽ። መንገድ ዳር ድንጋይ አግኝተው ጀርባቸውን ሲያሳርፉ የሚወጣቸው ትንፋሽ እሱ ነው። የአንቺም ጀርባ ላይ 240 ሺህ ብር ነበረ ማለት ነው።

ስለዚህ ለጥያቄሽ መልሴ እንዲህ ነው። ሕመም አይደለም። ልግስና ብቻም አይደለም። ከሰጠሻቸው ሰዎች መካከል የእውነት የተቸገረ ይኖራል፣ ለእሱ እጅሽን መዘርጋትሽ ደግ ነው። ሳይጠይቁሽ የሰጠሻቸው ግን ብሩን የምታራግፊባቸው ሰዎች ነበሩ። ይህ ቃል እንደሚከብድሽ አውቃለሁ። ግን አንቺም ጠርጥረሽ ነው የጻፍሽልኝ።

ታዲያ ገንዘብ መቼ ሸክም ሆነብሽ? እኔ የሚመስለኝ ሳትወለጂ ነው።

የ1967ን ነገር አንቺ የምታውቂው በወሬ ስለሆነ ትንሽ ልንገርሽ። በዚያ ዓመት መስከረም ላይ ንጉሡ ወረዱ። ታኅሣሥ ላይ ባንኮችና ኢንሹራንሶች ተወረሱ። የካቲት ላይ የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። ሐምሌ 19 ቀን ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። አንድ ቤተሰብ የሚኖርበትን አንድ ቤት ይያዝ፣ ሌላው ይወሰድ ተባለ። ኪራያቸው በወር እስከ 100 ብር የሆኑት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች ሄዱ። ዛሬም «የቀበሌ ቤት» የምንለው የዚያ አዋጅ ልጅ ነው። በቀጣዩ ዓመት ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ለነጋዴው ጣሪያ ተበጀለት። ችርቻሮ ከሆነ ካፒታልህ ከ200 ሺህ ብር አይለፍ፣ ጅምላ ከሆነ ከ300 ሺህ፣ ፋብሪካ ከሆነ ከ500 ሺህ። ፈቃድም ለአንድ ሰው አንድ ብቻ።

አስቢው እስቲ። «ከዚህ በላይ አትደግ» የሚል ሕግ ነበር። «ከበርቴ» ስድብ ነበር። «በዝባዥ» ደግሞ ከስድብም አልፎ አንገት የሚያስደፋ፣ አንዳንዴም የሚያሳስር ቃል ነበር። ይህ ሁሉ እስከ ደርግ የመጨረሻ ዓመታት ቆየ። ደርግ በግንቦት 1983 ሲወድቅ አንቺ ገና መቆም እየተለማመድሽ ነበር።

አባትሽ ያኔ 12 ዓመቱ ነበር። በዚያ ዕድሜ ልጅ ሁሉን ያያል፣ ማንም ግን አያስረዳውም። የቤታችሁን ታሪክ አላውቅም፤ በዚያን ጊዜ በብዙ ቤት የሆነውን ግን አውቃለሁ። ትናንት ኪራይ ሊከፍል ሲመጣ አባቱን «ጋሼ» ይል የነበረ ሰው በሳምንቱ ስብሰባ ላይ ጣቱን ይቀስርበታል። እናት ወርቋን አውልቃ ታስቀምጣለች። ልጆች «ስለ ቤት ውጭ እንዳታወሩ» ይባላሉ። ልጁ ከዚህ የሚማረው አንድ ነገር ነው። ያለው ሰው ይታያል፣ የታየ ሰው ይመታል።

አሁን ደግሞ ያቺን «ያልሰረቀ አይከብርም» የምትለዋን ነገር ተመልከቻት። ሦስት ቤት የነበረው ሰው ልጅ ለምን እንዲህ ይላል? ብዙ አሰብኩበት። አባቱ ሌባ እንዳልነበረ ልቡ ያውቃል። ግን ዕድሜውን ሙሉ በደመወዝ ኖሯል፣ ከእሱ በኋላ የመጡ ሰዎች ሲያልፍላቸው አይቷል። ይህችን ዓረፍተ ነገር ባይዝ ኖሮ «ታዲያ እኔስ ለምን ሳይሆንልኝ ቀረ?» የሚል ጥያቄ ይጠብቀዋል። ዓረፍተ ነገሯ ከዚያ ጥያቄ ታድነዋለች። እኛ የሌለን ንጹሕ ስለሆንን ነው ታሰኘዋለች። አባትሽን እየወቀስኩ አይደለም። ያ ሰው ልጆቹን በደመወዝ ያሳደገው ይህችን ተደግፎ ነው። ግን አንቺ ያንኑ ድጋፍ ይዘሽ ሱቅ ከፈትሽ። ሱቅ ደግሞ ካላተረፈ አይቆምም። በየቀኑ ትርፍ ወደ እጅሽ ሲገባ፣ የአባትሽ ድምፅ «ንጹሕ ነሽ ወይ?» ይልሻል። ለደንበኛዋ ዋጋ ስትናገሪ ድምፅሽ የሚጠፋው ለእሱ እየመለስሽ ስለሆነ ይመስለኛል።

አንድ ነገር ልጨምር። የአያትሽን ቤት ተከራይቶ ይኖር የነበረው ሰው ልጅ ስለዚያው አዋጅ ብትጽፍልኝ ኖሮ ሌላ ታሪክ ትነግረኝ ነበር። ኪራይ ቀነሰ፣ አባቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ሥጋት ተኛ ትለኝ ነበር። እሷ ደግሞ ምናልባት «የሚሰጥም የሚነሳም መንግሥት ነው፣ እኔ ብለፋ ምን አመጣለሁ?» የሚል እምነት ይዛ አድጋ ይሆናል። አንድ ግቢ፣ አንድ ቀን፣ ሁለት ልጆች፣ ሁለት ትምህርት። ይህን የምነግርሽ የአባትሽ ትምህርት ከሰማይ የወረደ እንዳልሆነ እንድታዪ ነው። አንድ ልጅ ከቆመበት ቦታ ሆኖ ያየው ነገር ነው።

እኔም የራሴ አለኝ። እናቴ ከሰፈር ሱቅ በዱቤ ነበር የምትወስደው። ባለሱቁ ስሟን የጻፈበት ሰማያዊ ደብተር ነበረው። ወር ሲያልቅ ዘይትና ስኳር እንድገዛ የምላከው እኔ ነበርኩ፣ እሷ ታፍር ስለነበር። ባለሱቁ ደብተሩን ሲገልጥ ሆዴ ይቆረጥ ነበር። ዛሬ ዕዳ የለብኝም። ግን አሁንም ሰው ፊቴ ደብተር ገልጦ ብር ሲጽፍ ሆዴን ይይዘኛል። ከ40 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ስለዚህ «በዚህ ዕድሜዬ ስለ አባቴ ንግግር?» ብለሽ አትናቂው።

ይህ የሐበሻ ብቻ ነገር እንዳይመስልሽ። በ2011 እ.ኤ.አ. ብራድ ክሎንትዝ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ ከባልደረቦቹ ጋር 422 ሰዎችን ስለ ገንዘብ ምን እንደሚያምኑ ጠይቆ ነበር። መልሶቹን በአራት ከፈሏቸው። ገንዘብን የሚሸሽ፣ ገንዘብን የሚያመልክ፣ ክብሩን በገንዘብ የሚለካ፣ በገንዘብ ነገር ነቅቶ የሚጠብቅ። እነዚህን እምነቶች አብዛኛውን ጊዜ በልጅነታችን ሳናውቅ እንደምንወርሳቸው ይናገራሉ። አንቺ የመጀመሪያው ጋ ነሽ። የሚሸሹት ሰዎች በጥናቱ ገቢያቸውም ያላቸው ሀብትም ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። ግን እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እምነቱ አደኸያቸው ማለት ላይሆን ይችላል፤ ችግርም ራሱ እምነት ይወልዳል። የኑሮ ውድነት፣ የሱቅ ኪራይ፣ የክር ዋጋ መናር፣ እነዚህ ያንቺ አስተሳሰብ ያመጣቸው አይደሉም። ሁሉን ነገር በራስሽ ላይ አትጫኚ።

ስለ ጥቅሱም አንድ ነገር ልበል። ሰባኪ አይደለሁም፣ ግን ማንበብ እችላለሁ። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ የጻፈው «ገንዘብን መውደድ የክፋት ሁሉ ሥር ነውና» የሚል ነው። «መውደድ» የሚለው ቃል ከአባትሽ ጥቅስ ላይ ወድቋል። የአርማትያሱ ዮሴፍን ደግሞ የማቴዎስ ወንጌል «ባለ ጠጋ» ይለዋል። የጌታን ሥጋ ከጲላጦስ ለምኖ በገዛ አዲስ መቃብሩ ያኖረው እሱ ነው። ባይኖረው ኖሮ ያ መቃብር ከየት ይመጣ ነበር? ይህን ለአባትሽ ለመርቻ አትጠቀሚበት። ለራስሽ ያዢው።

የእናትሽ ነገር ሆዴን በላው። ባንክ ሲወረስ ያየ ሰው ቤት ውስጥ የኖረች ሴት ብሯን መቀነቷ ውስጥ ብትቋጥር፣ ትራስ ውስጥ ብትሰፋ አይፈረድባትም። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ቀኑ ማለፉ ነው። የሦስት ወር ጊዜ ነበር የተሰጠው። ግን ጊዜው ባያልፍባትም ትራሱ አያድናትም ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። የተደበቀ ብር ተደብቆ እያለ ይሳሳል። እናትሽን ከመንግሥት የሚጠብቃት መደበቂያ ከገበያ አይጠብቃትም። አንቺ በሌላ መንገድ ይህንኑ ነው ያደረግሽው። እሷ በትራስ ደበቀች፣ አንቺ በዘመድ ደበቅሽ።

አሁን ወደ ሥራው እንምጣ።

ከቀሚሱ ጀምሪ። ዛሬ ማታ፣ ልጅሽ ስትተኛ፣ አንድ ቀሚስ አስቀምጪና ወረቀት አውጪ። ለሸማኔው የሰጠሽውን ጻፊ። ጥለቱን፣ ክሩን፣ ገበሩን፣ ጥልፍ ካለው የጠላፊውን። የሰፊዋን የቀን ደመወዝ አካፍይበት። የሱቁን ኪራይ በወር ለምትሸጫቸው ቀሚሶች አካፍይው። መብራት፣ ግብር፣ ትራንስፖርት። ከዚያ አንድ መስመር ዝለይና «የእኔ እጅ» ብለሽ ጻፊ። ቀለም መርጠሻል፣ ልክ ወስደሻል፣ ማታ አራት ሰዓት ድረስ ቆመሻል። እዚያ መስመር ላይ ቁጥር መጻፍ ያቅትሽ ይሆናል። እጅሽ ከቆመ አንድ ነገር ጠይቂ። ይህን ሥራ እኅትሽ ብትሠራልሽ ኖሮ ስንት ትከፍያት ነበር? ያንኑ ጻፊ። ለእኅትሽ የሚገባ ላንቺ አይበዛም።

ድምሩ ከወጣ በኋላ በቃልሽ አትናገሪው፣ ድምፅሽን ገና አላምነውም። በካርቶን ጽፈሽ ቀሚሱ ላይ አንጠልጥዪው። ሽሮ ሜዳ ያለ ክርክር ግብይት እንደሌለ አውቃለሁ። ስለዚህ እስከ ስንት እንደምትወርጂ አስቀድመሽ ወስኚ፣ ለሰፊዎችሽም ንገሪያቸው። ከዚያ በታች «ቤተሰብ ነን» ለምትልሽ «ቤተሰብ ስለሆንን ነው እዚህ ድረስ የወረድኩልሽ» በያት። ለትዕዛዝ ደግሞ ግማሽ ቀብድ ሳትቀበዪ ክር አትግዢ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያምሻል። አንዳንድ ሰው ይሄድብሻል። የሄደችው ደንበኛ ግን ከኪሳራ በቀር ምን ታመጣልሽ ነበር?

ከባለቤትሽ ጋር ያለው ነገር ከዚህ ይከብዳል። ዕቁቡን ሁለታችሁ ነው የጣላችሁት። የሰጠሽው የራስሽን ብቻ አልነበረም። ይህን በግልጽ ንገሪውና ይቅርታ ጠይቂው፣ ስለ አባትሽ ታሪክ ከማንሳትሽ በፊት። ታሪኩ ቀድሞ ከመጣ ሰበብ ይመስላል። ይቅርታው ከቀደመ ግን ማስረጃ ይሆናል። ከዚያ ይህን ደብዳቤሽን አሳዪው። ሦስት ቀን ዝም ያለው ተናዶ ብቻ አይደለም፣ ግራ ገብቶትም ነው። ሚስቱ ለምን እንዲህ እንዳደረገች እስካሁን የነገረው ሰው የለም። በነገራችን ላይ እሱስ ስለ ገንዘብ ምን እየሰማ አደገ? ጠይቀሽው ታውቂያለሽ?

ካበደርሽው ውስጥ መመለስ የሚችሉትን በስም ጽፈሽ ከባለቤትሽ ጋር ሆናችሁ ቀን ተነጋገሩ። የማይችለውን ተይው፣ ስጦታ ነው በዪና ከልብሽ አውጪው። ለሚቀጥለው ዕቁብ ዕጣ ከመውጣቱ በፊት ብሩ የሚገባበትን የባንክ ሒሳብ በሁለታችሁ ስም ክፈቱ። ለዘመድ የሚሆን ድርሻም አስቀድማችሁ ወስኑ። ከአሥር አንድ ይሁን፣ ከአምስት አንድ፣ የእናንተ ነው። እኛ አገር ዘመድ ኢንሹራንስ ነው። ነገ አንቺ ብትታመሚ የሚደርስልሽ እሱ ነው፣ ስለዚህ እጅሽን ዝጊ አልልሽም። ግን ድርሻው ካለቀ «ለዚህ ወር አልቋል፣ በሚቀጥለው ወር እንነጋገር» ማለት ትችያለሽ። ይህ እምቢታ አይደለም። ማንም ባይጠይቅሽም በእጅሽ ያለው ብር ያስጨንቅሽ ይሆናል። ያኔ ለማንም ከመደወልሽ በፊት ለባለቤትሽ «ሸክሙ መጣብኝ» በዪው። ሁለት ቃል ይበቃል።

ልጅሽ «አንቺ» ያለችሽ ትክክል ናት። በአፍሽ አላልሽም። ግን ልጅ የምታየው ደህና የለበሰች ሴት ስትገባ ትከሻሽ ሲሰበሰብ፣ ስትወጣ ደግሞ ከሰፊዎችሽ ጋር የምትለዋወጡትን ዓይን ነው። በጎ መልስ አለሽ። ያንን ቀሚስ ስትሸጪ ልጅሽን አጠገብሽ አስቀምጫት። «ይህ ለሸማኔው ነው፣ ይህ ለአክስትሽ ለሰፊዋ፣ ይህ ለቤት ኪራይ፣ ይህ ለእማዬ እጅ» እያልሽ ብሩን በአራት ቦታ አስቀምጪላት። ያቺ ሴት የከፈለችው ብር የስንት ሰው እራት እንደሆነ ራሷ ትቁጠር። ስለ ሀብታሞች ማብራሪያ አያስፈልጋትም።

የቀረው አባትሽ ነው። እሱን ለማስተማር አትሂጂ። ልትሰሚው ሂጂ። በ50 ዓመት ውስጥ «ያን ቀን ምን ተሰማህ?» ብሎ የጠየቀው ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ፣ አንቺም እንዲህ ብለሽ ብትጠይቂው አይመልስልሽም። የዚያ ዘመን ወንዶች ስሜት አይጠየቁም። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ቡና አፍዪለት። ልጅሽንም ይዘሻት ሂጂ። እስከ ሁለተኛው ስኒ ምንም አትበዪ። ከዚያ፣ «አባዬ፣ እነዚያ የአያቴ ቤቶች በራቸው ምን ቀለም ነበር?» በዪው።

ከዚያ በኋላ የሚለውን ጻፊልኝ። እጠብቃለሁ።